በበዓለ ሃምሳ ሽሮ የበላ ሰው

በአገራችን ሰው ብዙ ነገር ቢተው ማንም አይጠይቀውም። መጠጥ ቢተው «እግዜር ረዳው» ይባላል። ትምባሆ ቢተው «ደረቱን አሞት ይሆናል» ብለው ያዝኑለታል። ሥራውን ቢተው እንኳ «የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው» ተብሎ ይከበራል። ሥጋ የተወ ሰው ግን ወዮለት! እኔ ደግሞ የቀነስኩ እንጂ የተውኩ ሰው አይደለሁም። በመቀነስና በመተው መካከል ያለውን ልዩነት ለማስረዳት አንድ በዓለ ሃምሳ ሙሉ ለፍቼ የገባው ሰው አላገኘሁም። እስቲ እናንተ ትሻሉ እንደሆነ ልሞክራችሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ አሰላ ላይ ነው። ከሸዋ ተዛውሬ የአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ወቅቱ ቅበላ ነው። ቅበላ ማለት፣ ለሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን የምንለየውን ሥጋ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተሰናብተን ለመጨረስ የምንታገልበት ጊዜ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከበቆጂ በኩል የሚመጣው ብርድ ደግሞ ባዶ ሆድ አይወድም። እኔም ግዴታዬን በሚገባ ተወጣሁ። የመወጣቴ ማስረጃ ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ታየ፤ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ፣ የጋቢዬ ጫፍ ሲነካው እንኳ የሚያስጮኸኝ ሆነ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ጣቴን አንድ ጊዜ አየና በአስተርጓሚ ሥጋ እበላ እንደሆነ ጠየቀኝ። እንደማንኛውም ክርስቲያን እበላለሁ አልኩት። ሪህ ነው አለ። ትእዛዙ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ሥጋ ቀንስ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም የተቀቀለ፣ ያውም መዳፍ የማታህል። ሁለተኛ፣ እግርህን በቀን አምስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብ። ልብ በሉልኝ፤ አምስት ያለው እሱ ነው። አራት ወይም ስድስት ብሎ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሁዳዴን በሰላም አሳለፍኩ። አገሩ በሙሉ ከእኔ ጋር የሐኪሙን ትእዛዝ የሚያከብር ይመስል፣ ሥጋ ያቀረበልኝም፣ ለምን አትበላም ያለኝም የለም። እግሬን ከበራችን አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በማንቆርቆሪያ እታጠባለሁ፤ ማንቆርቆሪያውን ያዋሱኝ ጎረቤቴ ሐጂ ቃሲም ናቸው። እብጠቱ ሟሸሸ። በጾሙ አጋማሽ ያለ ከዘራ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ «ያዳንዎት ጾሙ ነው» አለች፤ እኔ ሐኪሙ ነው አልኩ። ሁለታችንም ልክ ነበርን። ችግሩ ጾሙ ሲያበቃ የሐኪሙ ትእዛዝ አለማብቃቱ ነው።

በሰፈራችን ስምንት አባወራ ሆነን በሬ የምንቃረጥበት ማኅበር ነበረን፤ አለቃችን ጡረታ የወጡ ወታደር፣ ባሻ ወንድሙ ናቸው። ለትንሣኤ በሬው ይታረዳል፣ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም እየተነሣ እኩል ስምንት መደብ ይወጣል፣ ዕጣ ይጣላል። እኔ ሄጄ፣ ዘንድሮ ቅርጫው ይቅርብኝ፣ ለበዓሉ አንዲት ዶሮ ትበቃናለች አልኳቸው። ባሻ ተቆጥተው ቢሆን ደግ ነበር። እሳቸው ግን ፊቴን አዩ፣ ከዚያ ታጥቤ የመጣሁትን እግሬን አዩ፣ ከዚያ ወደ ሐጂ ቤት አጥር ተመለከቱ። እኔ ሞኙ ደግሞ፣ በሬው ለሰባት ሲካፈል ድርሻቸው ይበዛላቸዋል እንጂ ምን ይቀርባቸዋል ብዬ ራሴን እያጽናናሁ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዋናው ጦርነት ግን ማድ ቤት ውስጥ ነበር። በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። በእነዚያ ቀናት ከክርስቲያን ቤት የሽሮ ሽታ ከወጣ፣ ወይ ድህነት ነው ወይ ሌላ የማይነገር ነገር ነው። አስካለ እኔን ስለምትወድ የሐኪሙን ትእዛዝ ተቀበለች፤ ሰውን ስለምትፈራ ደግሞ እንዳይታወቅባት ታገለች። ሽሮውን በቅቤ አንተከተከችው። ጎመኑን በአይብ አቀረበችው። ከኢተያ በመጣ ስንዴ ቅንጬ ሠርታ ቅቤ አፈሰሰችበት። እኔም ልክ ሥጋ የበላሁ ያህል ነው ብዬ ባመሰግናት፣ ምስጋናዬን እንደ ስድብ ቆጥራ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሽሮ ልትጥድ ስትል መስኮቱን ትዘጋለች። ሽሮው ከወረደ በኋላ ደግሞ አንድ የበግ አጥንት ከሰል ላይ ጣል ታደርግና፣ ሽታው መንገድ ድረስ እንዲሄድ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ያ አጥንት ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤታችንን አስከብሮ ኖረ። በኋላ የሰው ውሻ ወሰደው፤ ክብራችንም አብሮ ሄደ።

እኔ በዚህ መካከል ሌላ ደስታ አግኝቼ ነበር። ሐጂ ቃሲም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እያፈራረቁ የሚያስቁ ሽማግሌ። አራት ዓመት ስንጎራበት ከአንድ ገበታ በልተን አናውቅም። ጠብ ኖሮን ሳይሆን በሥጋ ምክንያት ነው። እሳቸው ያረዱትን እኔ አልበላም፤ እኔ ያረድኩትን እሳቸው አይበሉም። በበዓላቸው ሲጠሩኝ ለእኔ ብለው ሌላ በግ በክርስቲያን እጅ ያሳርዳሉ፤ በበዓሌ ስጠራቸው እኔም በሙስሊም እጅ አሳርዳለሁ። ወዳጅነታችን ሁልጊዜ ሁለት በግ ይፈጅ ነበር። ሥጋው ሲቀነስ ጊዜ ግን አንድ ቀን ጩምቦ አቀረቡልኝ፤ ትኩስ ወፍራም ዳቦ በቅቤና በእርጎ የራሰ፣ የአርሲ ምግብ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሳህን አብረን ጎረስን። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? አራት ዓመት ሙሉ ምን ነክቶን ነው ብዬ ተቆጨሁ። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት ወደ እሳቸው ቤት ጎራ ማለት አበዛሁ።

እንግዲህ ማስረጃውን እንደ መዝገብ ቤት ሹም ላቅርብላችሁ። ሰውየው ከቅርጫ ወጥቷል። በሳምንት አንዴ የሚበላትን ቁራጭ በሩን ዘግቶ ስለሚበላት ምስክር የለውም። በየቀኑ ሐጂ ቤት ይገባል። በቀን አምስት ጊዜ፣ በሐጂ ማንቆርቆሪያ፣ እግሩን ይታጠባል። እናንተ ዳኛ ብትሆኑ ምን ትፈርዱ ነበር? ሰፈሩም ፈረደ፤ አቶ ደምሴ ሰልሟል ተባለ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይላሉ፤ የእኛ ሰፈር ሰው ግን መላውን ትቶ ዝርዝሩን ጨመረ። አዲሱን ስሜን ሳይቀር የሚያውቁ ነበሩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። አስካለ ከማርያም ማኅበሯ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ሴቶቹ አጠገቧ መቀመጥ ትተዋል፤ የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ልትቀበል ተራዋ ቢሆንም ለሌላ ሰጥተውባታል። በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳራችን አንቱ ስትለኝ የኖረች ሴት ከፊቴ ቆመች።

«ንገረኝ፣» አለችኝ። «ሃይማኖትህን ለውጠሃል? ሁለተኛዋስ ማን ናት?»

ሁለተኛዋ ስትል መጀመሪያ አልገባኝም። ለካስ ሴቶቹ አስረድተዋታል፤ ይሄ ሁሉ ሚስት ለመጨመር ነው፣ የምትታጨዋም የሐጂ እህት ናት ብለዋታል። የሐጂ እህት አቦምሳ የምትኖር፣ የልጅ ልጆቿን የዳረች አሮጊት ናት። ይህንኑ ብነግራት «ታዲያ አይተሃታል ማለት ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ወሬው የእኔ ብቻ ቢሆን እግሬን እየታጠብኩ እስቅበት ነበር። አስካለ ግን በማታውቀው አገር፣ እናትና እህት በሌለበት፣ ዘመድ ብላ የያዘቻቸው እነዚያን ሴቶች ብቻ ነው። እነሱን ካጣች ማንም የላትም። ወዲያው ሐጂ ዘንድ ሄጄ፣ ወሬውን ሰምተው እንደሆነ፣ ሰምተው ከሆነስ ለምን ሐሰት ነው እንዳላሉ ጠየቅኋቸው።

«ኤጋ፣ የጠየቀኝ መች አለ?» አሉኝ። «ደግሞ ጎረቤትህ ወደ ደግ ነገር መጣ ሲሉኝ፣ የለም አልመጣም ብዬ ልጣላ?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታችን መምሬ ወልዴ ባሻ ወንድሙን አስከትለው መጡ። የሐኪሙን ወረቀት አወጣሁ። የተጻፈው በፈረንጅ ቋንቋ ስለሆነ መምሬ ገለባብጠው አዩትና፣ ሐኪሙ ራሱ የምን ሃይማኖት እንደሆነ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ባሻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእሳቸው ነገሩ እዚያ ላይ ተጠናቋል። ስለ ሪህ፣ ስለ ጣቴ፣ ስለ መቀነስና ስለ መተው ላቤ እስኪንጠፈጠፍ አስረዳሁ። መምሬ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ቤተ ክርስቲያን ከዓመቱ ግማሽ በላዩን ቀንሳልሃለች። ከቀረው ላይ አንተ ደግሞ ትቀንሳለህ? ከእሷ ልትበልጥ ነው?»

ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፤ በሚመጣው እሑድ፣ እዚሁ ቤቴ፣ ቅርጫተኞቹና የአስካለ ማኅበርተኞች በተሰበሰቡበት፣ ሁሉም እያየ ሥጋ እንድበላ። ያውም የተቀቀለ አያስተማምንምና ጥሬውን። ወደ አስካለ ተመለከትኩ። ዓይኖቿ አብጠዋል። ጣቴን እያዘንኩለት እሺ አልኩ።

እሑዱ ደረሰ። ባሻ ካራቸውን ስለው፣ ከሻኛው ጨመር አድርገው በገዛ እጃቸው ቆረጡልኝ። የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ አፌ ላይ ነው፤ ሙሽራ እንኳ እንዲህ አይታይም። የመጀመሪያውን ጉርሻ ስውጥ መምሬ ጉሮሮዬን ተከታትለው መውረዱን አረጋገጡ። ሁለተኛውን ስውጥ ሴቶቹ እልል አሉ። የማኅበራቸው ታላቅ ሴት ተነሥታ ሄዳ አስካለ አጠገብ ተቀመጠች፤ አስካለም «ይብሉ እንጂ፣ ይጨምሩ» አለችኝ። አንቱታዬ ተመለሰ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ለማስረጃ ሁለት ጉርሻ በቂ ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ከሦስተኛው በኋላ ስለ ሃይማኖቴ እየመሰከርኩ መሆኑን ረሳሁት። ያን ያህል ሳምንት ሽሮ የበላ ሰው አዋዜ ፊት ሲያስቀምጡት ምን እንዲያደርግ ነው? ባሻ እየቆረጡ እኔ እየበላሁ፣ የመሰከርኩት ለአንድ አገር ክርስቲያን የሚበቃ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት እብጠቱ ከጣቴ አልፎ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ነበር። አልጋ ላይ ዋልኩ። በሽተኛን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነውና የጠያቂው እጅ ሁሉ ሙሉ ነው። ማኅበርተኞቹ የቅልጥም መረቅ አመጡ። ባሻ ጉበት በቅጠል ጠቅልለው አመጡ። መምሬ ጸበል ረጩኝና ከራስጌዬ በስተግራ ተቀመጡ። ከዚያ ሐጂ ቃሲም ሙክት እየሳቡ መጡ፤ በሩ ላይ አሠሩትና፣ ደጅ የተቀመጠው ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«እናንተው በእጃችሁ እረዱለት፣ እኔ ካረድኩት አይበላም» አሉ።

ያን ሁሉ ጥሬ ሥጋ ውጬ በግማሽ ልብ ያመነኝ ሰፈር፣ በሐጂ አንድ ቃል ሙሉ በሙሉ አመነ። ይህችን ቃል ሳምንት አስቀድመው ቢናገሯት ኖሮ እግሬ ይተርፍ ነበር። ይህን ልነግራቸው አፌን ስከፍት ገብተው በስተቀኜ ተቀመጡና እግሬን አተኩረው ተመለከቱ።

«አዩ ሐጂ፣» አሉ መምሬ፣ «ሥጋ ሲቀንስ ጊዜ ሰውነቱ አለቀ።»

«ወላሂ፣ እውነትዎን ነው መምሬ» አሉ ሐጂ። «ሽሮ ብቻ የበላ ሰው እንዲህ ነው የሚሆን።»

አሰላ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ቄስና ሐጂ በሥጋ ነገር ሲስማሙ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ሃይማኖት አንድ ላይ የፈረደበት ሰው ይግባኙን ወዴት ይላል? መረቁን ተቀብዬ ጠጣሁ።