እትዬ ብዙነሽ አላመኑም

በየሰፈሩ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። ቅዱስ ገብርኤል ራሱ ክንፉን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ቢቆም «እስቲ መጀመሪያ ክንፉን ልንካው» የሚል ዓይነት ሰው ማለቴ ነው። «ደህና አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» ብሎ የሚመልስ፣ የነገሩትን ትቶ የተናጋሪውን ፊት የሚያጠና። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት የግቢያችሁ ዘበኛ ነው፣ ምናልባትም አማታችሁ ናት። እኛ የናይሮቢ ኪሊማኒ ሰፈር ሰዎች ያሉን ግን ሱቅ ከፍተዋል።

ክብርት ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ትንሽ ትልቁ «እትዬ» የሚላቸው፣ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤትና በአንድ ፋርማሲ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ሱቅ አለቻቸው። የስልክ ካርድ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ የዘፈን ሲዲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የፕሌይስቴሽን ጌም ይሸጣሉ። ይሸጣሉ ማለቴ በልማድ ነው፤ ትክክለኛው ቃል ይከለክላሉ ነው። የጌሙ ሽፋን ጥግ ላይ አንድ ቁጥር ታትሟል፤ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት። ዕድሜው ከዚያ በታች ለሆነ ልጅ አይሆንም ማለት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ይህን ቁጥር ከእሳቸው በቀር ያነበበ ባለሱቅ አላጋጠመኝም። ሌላው የሚያነበው የዋጋውን ነው። እሳቸው ግን ቁጥሩን የሚያዩት ከሰማይ እንደ ወረደ ትእዛዝ ነው።

«ቁጥሩ ምን ይላል?» ይላሉ።

«አሥራ ስድስት» ይላል ልጁ።

«አንተስ?»

«እኔም አሥራ ስድስት።»

ያኔ እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ያወርዱና ኪሊማኒ በሙሉ የሚያውቃትን ፍርድ ይሰጣሉ። «አላመንኩም።»

ወረቀት አያሳምናቸውም። ያገራችን ሰው ናይሮቢ ውስጥ ሁለት ዕድሜ እንዳለው ከእሳቸው የተሰወረ አይደለም፤ አንዱ እናቱ የምታውቀው፣ ሌላው ወረቀት ላይ የሰፈረው። አንድ ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ የአዲስ አበባ የልደት ወረቀቱን ይዞ ሄደ። የተወለደበት ዓመት በእኛ አቆጣጠር ተጽፏልና በፈረንጁ ዓመት ሲሰላ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ልጅ ሃያ አንድ ሆኖ ቁጭ አለ። ሻጩ ኬንያዊ ቢሆን ያልፍለት ነበር። እትዬ ብዙነሽ ወረቀቱን ገልብጠው አዩና «ጎበዝ! ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ድምፅህ ሳይጎረንን የቆየው ምን በልተህ ነው?» አሉት። ከዚያ ለእናቱ ደወሉ። ይደውላሉ፤ ክፋታቸው ይሄ ነው። የኪሊማኒ፣ የላቪንግተንና የሳውዝ ሲ እናቶች ስልክ በሙሉ እጃቸው ላይ ነው። የስልክ ካርድ የሚሸጡትም ለሌላ ነገር አይመስለኝም።

እኔም በበኩሌ እሳቸውን እጠረጥራቸው ነበር። እጁን ዘርግቶ ለመጣ ገዢ ጀርባ የሚሰጥ ነጋዴ የት አገር ታይቶ ያውቃል? አንድ ሰሞን የሆነ ድርጅት እየከፈለ ያስቀመጣቸው ሰላይ ናቸው ብዬ ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ ወዳጄ ባንታየሁ «ሴትዮዋ የከፈቱት ሱቅ ነው ወይስ ኬላ?» ባለ ቁጥር አብሬው ከልቤ እስቅ ነበር።

ነገሩ ቤቴ የገባው በልጄ በሚናስ በኩል ነው። እኔ ሕዝቅያስ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ የወሩን ግማሽ የማሳልፈው ፊልድ ነው። ስመለስ ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ያቺን ሰዓት በምንም አልለውጣትም፤ ስለዚህ የሚያስከፋው ነገር መናገር አልወድም። ባለቤቴ ሉሊት እንደምትለው ከሆነ «እምቢ» የሚለው ቃል ሚናስ ከተወለደ ጀምሮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አንድ ጠዋት ወደ ሎድዋር ልሄድ ሻንጣዬን ሳነሣ «ዳዲ፣ ፈተናውን ካለፍኩ የምፈልገውን ጌም ትገዛልኛለህ?» አለኝ።

«እንዴታ!»

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ!»

ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ አልጠየቅኩም። ፈተናውን አለፈ። የመረጠው ጌም ቁጥር አሥራ ስምንት ነበር። ሚናስ አሥራ ሦስት ነው።

«ሚኑዬ፣ ሌላ ብትመርጥስ?» አልኩት።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ፣ ክላሳችን ውስጥ ኪላ ምቱ አለው። ኤቭሪባዲ! አንተ ደግሞ ፕሮሚስ አድርገሃል።»

ከዚያ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ልጅ እንዲያ ሲያይህ የምትገባበት ይጠፋሃል። ቃሌን ካጠፍኩ በሚቀጥለው ስመለስ በር ላይ የሚቆም ልጅ አይኖርም ብዬ ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ፈራሁ።

ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ሱቁ ገባሁ።

«እትዬ፣ ያንን ይስጡኝ። ለራሴ ነው።»

«ለራስህ?»

«ለራሴ።»

«አላመንኩም።»

«ኧረ እትዬ፣ ሽበቴን አያዩም እንዴ?»

«ስለ ሽበትህ ማን ጠየቀህ? አውራ ጣትህን አሳየኝ።»

አሳየኋቸው። «የሚጫወት ሰው አውራ ጣቱ ይደነድናል፣ ያንተ ግን ማኅተም ከመምታት በቀር ሥራ አያውቅም» አሉ። አልበቃቸውም። ባንኮኒው ላይ ያለችውን ትንሽ ቴሌቪዥን አበሩና ጆይስቲኩን እጄ ላይ አኖሩት። «ለራስህ ከሆነ እስቲ ተጫወት።» የከፈቱልኝ ቁጥሩ ሦስት የሆነ የመኪና ውድድር ነበር። ሌሎቹ መኪኖች ወደ ፊት ሲበሩ የኔዋ ወደ ኋላ ሄደች። ቀጥሎ አጥር ጥሳ ሐይቅ ውስጥ ገባች። የስልክ ካርድ ሊገዙ የቆሙት ሰዎች በሙሉ ወደ እኔ ዞረዋል፤ አንዲት ኬንያዊት ሐዘን ቤት እንደመጣ ሰው «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና» እያለች አጽናናችኝ። ቁመቱ ባንኮኒውን የማይደርስ አንድ ሕፃን ጆይስቲኩን ከእጄ ወስዶ መኪናዋን ከሐይቁ አወጣልኝ።

«ለሚናስ ሰላምታ አቅርብልኝ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

ቀጥሎ የምግብ ቤቱን ሥጋ ቆራጭ ይገዙን ላክሁት። ይገዙ ጢም አለው፣ ሆድ አለው፣ ጠጉሩ ከግንባሩ ከሸሸ ቆይቷል። ወረቀት ጠየቁት። አጅሬ ባለፈው ዓመት ውጭ አገር ለመሄድ ሲመዘገብ ዕድሜውን እንደ ሥጋው ከርክሞ ነበርና ወረቀቱ ላይ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው።

«ወረቀትህ አልፈቀደም» አሉት።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ ጢም ምን ሊሉት ነው?»

«አንዱን ምረጥልኝ። ጢምህን ልመን ካልክ ወረቀትህ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ የት እንደሚጠቆም አውቃለሁ።»

ይገዙ ባዶ እጁን፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ጥብስ ባዘዝኩ ቁጥር አጥንት ብቻ ነው የሚደርሰኝ።

የቀረኝ መንገድ የኢስሊ ገበያ ነበር። በማታቱ ታክሲ ሄድኩና ጃፈር ከሚባል የሞያሌ ሰው ሱቅ ገባሁ። ጌሙን ስጠራለት ቀና ብሎም ሳያየኝ አወረደው።

«ቁጥሩን አታየውም እንዴ?» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«የቱን ቁጥር?»

«የዕድሜውን።»

ጃፈር ያኔ ቀና አለ። «ወንድሜ፣ ፖሊስ ነህ?»

አይደለሁም አልኩ። በዚያ ሁሉም በሚያውቀው ቢጫ ፌስታሉ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ቅር አለኝ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ አላማረኝም፤ የእትዬ ብዙነሽ በሽታ ሳይጋባብኝ አልቀረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሉሊትና ሚናስ ገበያ ሲሄዱ እስቲ ልየው ብዬ ከፈትኩት። አንድ ሰው ተንበርክኮ፣ እጁን አንሥቶ ይለምናል። ማሽኑ ምታው ይለኛል። አውራ ጣቴ አያውቅበትምና ማቆሚያ ፍለጋ ያገኘሁትን ሁሉ ስጫን መታሁት። ደግሜ መታሁት። እየለመነኝ መታሁት። መንቀሳቀሱን ሲያቆም ሙዚቃ ተነሣ፣ ነጥብም ተጨመረልኝ። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት። የልጄ ትንንሽ አውራ ጣቶች ትዝ አሉኝ።

ሚናስ ከገበያ እንደገባ «አገኘኸው?» አለኝ።

«እትዬ ብዙነሽ እምቢ አሉ።»

ውሸት አይደለም፤ ብለዋል። ሚናስ ግን ዓይኑን ጠበብ አድርጎ አየኝ። እንዲህ ዓይነት አስተያየት የት እንደሚያስተምሩ አውቃለሁ።

ሰኞ ፌስታሉን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ ሱቁ ሄድኩ። «እትዬ፣ ይሄን እርስዎ ጋ ያስቀምጡልኝ» አልኳቸው።

«ለምን አትጥለውም?»

«ሚናስ ቆሻሻ ውስጥም ቢሆን ያገኘዋል።»

እትዬ ብዙነሽ አላመንኩም አላሉም። የገረመኝ እሱ ነው። ጎንበስ አሉና ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አወጡ። እስከ አፉ ድረስ በቢጫ ፌስታል ተሞልቷል።

«ይሄ የሳውዝ ሲዋ የዘኪያ ነው። ይሄ የላቪንግተኗ የሚዛን። ይሄ ደግሞ ‹ሱቅ ነው ወይስ ኬላ› የሚለው የባንታየሁ።»

የባንታየሁን ፌስታል አንሥቼ ገልበጥ አድርጌ አየሁት።

«ልጆቻችሁን ወደ እኔ ትልካላችሁ፤ እምቢ እንድልላችሁ። ከዚያ ጎን ምግብ ቤቱ ቁጭ ብላችሁ ታሙኛላችሁ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሕዝቅያስ፤ ይሰማል።»

ይህን ሲሉኝ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሚናስ ገባ። ሊያጣራ መምጣቱ ነው።

«እትዬ፣ አባዬ እርስዎ እምቢ አሉ አለኝ። ትሩ ነው?» አለ። ቀጥሎ እኔን አየ። ቀጥሎ ቢጫውን ፌስታል አየ።

እትዬን በዓይኔ ለመንኳቸው። «አዎ» ቢሉ ድኛለሁ፤ የዚያች በር ነገር፣ የአባትነቴ ነገር ሁሉ ይድናል። አላሉም። ፌስታሉን በጣታቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ለየሰዉ ልጅ እምቢ ስል ኖሬአለሁ። ካርቶኑም ሞልቷል። ይሄን አንተው በለው።»

«ሚናስ» አልኩ። «ጌሙን ገዝቼዋለሁ። አይቼዋለሁም። አልሰጥህም።»

«ፕሮሚስ አድርገህ ነበር!»

«አድርጌ ነበር። ሳልጠይቅ ቃል ገባሁ፤ አሁን ቃሌን አጠፍኩ። እምቢ።»

እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

«አላመንኩም» አሉ። «ድገመው።»

«እምቢ!» አልኩ፤ ፋርማሲው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሚናስ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ። ልከተለው ስል እትዬ እጅጌዬን ያዙ። «ተወው፤ ቤቱን ያውቀዋል።» ካርቶኑ ሞልቷል ቢሉም ጌሙን እንደምንም ጠቅጥቀው አስገቡልኝ።

ልጄ ሳያናግረኝ ወደ ፊልድ ሄድኩ። ሥራ ላይ ሆኜ የማስበው የቤቴን በር ብቻ ነበር። ስመለስ መኪናው ግቢው ውስጥ እስኪቆም ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። በኋላ አየሁ። እጁን አጣምሮ፣ ፊቱን አኮሳትሮ፣ በር ላይ ቆሟል።

«ዳዲ፣ አሥራ ስምንት ሲሞላኝስ?»

«ያኔ ራስህ ሄደህ ትገዛለህ።»

«እትዬ ካመኑኝ» አለና ሻንጣዬን ተቀበለኝ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሳምራዊት የምትባል፣ ሰፈራችን አዲስ የገባች እናት አስቆመችኝ። ልጇ ጌም ካልገዛሁ ብሎ አስቸግሯታል። «እነዚያ ጌም የሚሸጡት ሴትዮ እንዴት ናቸው?» አለችኝ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ጥቂት ርምጃ ፈንጠር ብለው ቆመዋል፤ የሰሙ አልመሰለኝም።

«ኧረ ተይኝ!» አልኳት። «አስቸጋሪ ናቸው። ሰው አያምኑም። ጣት ይመረምራሉ፣ ለእናት ይደውላሉ፣ ሰው ፊት ያዋርዱሻል። እሳቸው ሱቅ ገብቶ በክብር የወጣ ሰው አላውቅም።»

ሳምራዊት ፊቷ ጨለመ። «ታዲያ ልጄን ማን ጋ ልላከው?»

«እሳቸው ጋ ነዋ!»