ፀሐዩ በየትኛው ፀ?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስማችሁን በየትኛው ሀ ነው የምትጽፉት? «ምን ለውጥ አለው?» አትበሉኝ። እኔም እንደዚያ ስል ነበር፣ ኮሶዬ እስክሄድ ድረስ።

እንጀራዬ ጎንደር ከተማ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ኮሶዬ አካባቢ ያለ አንድ የመሬት ጽሕፈት ቤት (ስሙ ይቅር፣ ሰዎቹ ሸጋ ናቸው) አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡለትና ጠራኝ። የገበሬውን መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒውተር ወደ አዲሶቹ ላዛውር ነው። ብርዱ አጥንት ሲቆረጥም ሁለት ቀን ለፋሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት «አለቀ! ከእንግዲህ እንከን የሚባል አታዩም» ብዬ ፎከርሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ቦርሳዬን ሳልዘጋ አያ ፀሐዩ ገቡ። ገበሬ ናቸው፤ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቀምሰዋል። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ አርሶባቸው ከሰዓት ሽማግሌ ሊቀመጥ ነው። የይዞታቸውን ማስረጃ ፈለጉ። መዝገብ ያዧ ስንዱ ስማቸውን ጻፈች። «አልተገኘም» አለ ኮምፒውተሩ። ደገመች። «አልተገኘም።»

«ምነው ልጄ? እኔ እዚህ ቆሜ?» አሉ አያ።

በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። መሬታቸውን ያጠፋሁት መሰለኝ። ስፈታትሽ ለካ መዝገቡ ላይ የተጻፉት «ጸሀዩ» ተብለው ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ደግ ነበር፤ ጸም ፀም ለሱ አንድ ነው። አዲሱ ግን እንደ ቅኔ መምህር ይመራመራል! ቁጭ አልሁና «እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ቁጠራቸው» የሚል ትእዛዝ ጻፍሁለት። ሰውዬው ከነመሬታቸው ብቅ አሉ። ስንዱ አጨበጨበች።

አያ የታተመውን ወረቀት ከዓይናቸው አርቀው አነበቡና መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ እኔ አይደለሁም።»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ አያ!»

«ይህ በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ የተጻፈ ሌላ ሰው ነው። እኔ በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ ነኝ። ፊደሉ እንኳ የሚጠራው በስሜ ነው!»

ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ድምፁ አንድ ነው ብዬ ለመንኋቸው።

«ያ ድንበሬን ገፋ፤ አንተ ደግሞ ስሜን ትገፋለህ?»

ስንዱ ስሙን ስታርም እሳቸው ከኋላዋ ቆመው «ሐመሩን! ሐመሩን በይ!» እያሉ አሳረሟት። አዲሱን ወረቀት ተሳልመው፣ አጥፈው በደረታቸው ከተቱና እየተጣደፉ ወጡ።

እኔም ጎንደር እስክገባ ተመራመርሁ። ፊደልም ለካ ድንበር ነው፤ አንዷን የገፋ አገር ያፈርሳል አልሁ። ለሰው ሁሉ መስበክ ጀመርሁ።

በሳምንቱ አያ ለገበያ ጎንደር ወርደው አገኘኋቸው።

«ክርክሩ እንዴት ሆነ?»

«ረታሁ!»

«ወረቀቱ በጀዎት በሉኛ!»

«ወረቀቱንማ ማን አየልኝ? ሽማግሌዎቹ አንዳቸውም ፊደል አልቆጠሩም። ሄደው የድንበሩን ድንጋይ አዩና ፈረዱልኝ።»