በጓሮ በር የገቡ ሽማግሌዎች

ልጃችን አስራ አንድ ቀን ኖራ ሄደች።

ይህን አስቀድሜ የነገርኳችሁ ከንፈር እንድትመጥጡልኝ አይደለም። በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ እንዴት ሽማግሌ ሆኜ እንደተላክሁ እንዲገባችሁ ነው። እደርስበታለሁ።

ለመሆኑ በእኛ አገር ሥራ የሚመርጠው ማን ይመስላችኋል? ሠራተኛው ካላችሁ ዘመድ የላችሁም ማለት ነው። ሥራ ፈላጊ ብቻውን የሚሆነው ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ነው። የማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ቆሞ ፀሐይ ሲመታው አንድም አጎት አጠገቡ አይቆምም። ሥራ ያገኘ ዕለት ግን ጉባኤ ይጠራል። በአንድ ሳምንት ሁለት ቦታ ከተፈለገማ ነገሩ የመንግሥት ጉዳይ ያህል ይከብዳል።

የባለቤቴ የሰናይት ታናሽ እህት እየሩስ የደረሰባት ይኸው ነው። እየሩስ ነርስ ናት። የተማረችው ያለቀናቸው የተወለዱና ታመው የተወለዱ ጨቅላዎችን በፅኑ ህክምና ክፍል መንከባከብ ነው። አባቷ ጋሽ ድንቁ ድሮ፣ "ህፃን መታቀፍ ነው፤ ለመታቀፍ ደግሞ ምን ዲግሪ ያስፈልጋል?" ይሉ ነበር። ከእኛ ልጅ ወዲህ አይሉም።

ሁለት ደብዳቤ መጣላት። አንዱ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር ከተሠራው አዲስ የግል ሆስፒታል ነው። ከእግሩ እስከ ራሱ መስታወት ነው፤ የሚያልፈው ከባድ መኪና ሁሉ መልኩን ያይበታል። ሁለተኛው ልጃችን ተኝታበት ከነበረው የመንግሥት ሆስፒታል ነው። ይህኛውን ደብዳቤ ጋሽ ድንቁ አንዴ አንብበው፣ በአራት አጥፈው፣ ቴሌቪዥኑ ስር ሸጎጡት። የሆስፒታሉን ስም በቤታችን የሚጠራ የለም። "ያኛው" ነው የሚባለው።

ጉባኤው እሁድ ከሰዓት በኋላ አቃቂ በሰቃ፣ አማቶቼ ቤት ተቀመጠ። የእየሩስ እናት እማማ ሙሉ፣ "ሰርቪስ አለው ወይ?" ብለው ጀመሩ። አክስቷ እትዬ ዘነቡ የደንብ ልብሱን ቀለም ጠየቁ። የመስታወቱ ሆስፒታል ሮዝ፣ ያኛው አረንጓዴ መሆኑ ሲነገራቸው፣ "ሮዝ ይሻላል፤ አረንጓዴ ያጠቁራታል። በዚያ ላይ ሮዝ የለበሰች ነርስ ሐኪም ያያታል፤ ሐኪም ደግሞ ያገባል" አሉ። ከጎረቤት የመጡ ሴትዮ ሕንፃውን በታክሲ ሲያልፉ አይተውት ኖሮ፣ "እንደዚያ በሚያበራ ቤት ውስጥ ሰው አይሞትም" ብለው መሰከሩ። ከዚያ እኔን አዩና ወደ ሻያቸው ተመለሱ።

እየሩስስ? ጥግ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። አንድ ጊዜ፣ "እኔ እኮ..." ብላ ጀምራ ነበር። "አንቺ ደግሞ ሻይ ጨምሪላቸው" ተባለች።

በመጨረሻ ጋሽ ድንቁ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፍርድ ሰጡ። ሴት ልጅ ለባዕድ ቤት ስትሰጥ ቤቱ ይጠናል፤ ይህም ባዕድ ቤት ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌ ሄዶ ይየው፣ አሉ። ሽማግሌ የሚልከው የወንዱ ወገን መሆኑን ማንም አላነሳም። ሦስት ሰው ተመረጠ። አንደኛው ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው የእድራችን ዳኛ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ የአቃቂ ተወላጅ፣ ጨዋ፣ ንግግር አዋቂ፣ እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና በሰቃ ውስጥ እንደ ሽምግልና አይቆጠርም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። "አንተ ሆስፒታል ታውቃለህ" አሉኝ።

አዎ፣ አውቃለሁ። የተማርኩት አስራ አንድ ቀን ነው፤ ኮሪደር ውስጥ፣ አንድ እግሩ ያጠረ አግዳሚ ወንበር ላይ። ልጃችን ገና ስም አልወጣላትም ነበር። እጇ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር "የሰናይት ልጅ" ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ጨቅላና አንዲት ነርስ ነበሩ። ማሽኖቹ ደህና ነበሩ፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። በአስራ አንደኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሁለት ማሽን እኩል ጮኸ። ነርሷ ወደ አንዱ ሮጠች። ወደ አንዱ መሮጥ ነበረባት፤ ለሁለት የሚሰነጠቅ ሰው የለም። ሌላው ህፃን ዳነ። ወንድ ነው፤ አሁን ይስቃል አሉ።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ነበረች፤ ለአንዲት ነርስ ስንት ህፃን? እየሩስ በሁለት ጩኸት መካከል እንድትቆም አልፈለግሁም። ሰርቪሱንና ሮዙን ለአዋቂዎቹ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ጋሽ ድንቁ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ጋሽ ቶሎሳ በጥቁር ካፖርታቸው ላይ ነጠላ ደርበዋል። እኔ የሦስት ወር ጺሜን ይዣለሁ። ታክሲው ውስጥ ወያላው ሦስታችንንም አየንና፣ "አባቶች፣ ሽምግልና ነው ለቅሶ?" አለ። ጋሽ ቶሎሳ፣ "ሥራ ነው፤ አንተም ሥራህን ሥራ" አሉት።

ቃሊቲ ወረድን። ጋሽ ቶሎሳ ቀደሙ። ማንንም ሳይጠይቁ በመስታወቱ ሕንፃ ጎን ዞሩ፣ ጄኔሬተሩን አለፉ፣ ወደ አንድ ግራጫ የብረት በር ወሰዱን። ሰው እንዲህ ተማምኖ ሲራመድ ተከታይ አይጠይቅም። ስንት አገር በዚህ ዓይነት ጠፍቷል! በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ገና ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ። ኮፍያውን አወለቀ።

"እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አለን። ቀጥሎም፣ "መኪናችሁን ማስገባት ትችላላችሁ። ሳጥን ይዛችኋል?"

የሆነው እንዲህ ነው። ጋሽ ቶሎሳ በእድር ዳኝነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ ያልረገጡት ሆስፒታል የለም፤ ነገር ግን አንዱንም በፊት ለፊት በር ገብተው አያውቁም። እግራቸው ሆስፒታል ካየ ወደ አስከሬን ክፍል ነው የሚሄደው። ሕንፃው አዲስ ነው ብትሉ፣ የአስከሬን በር በአሮጌውም በአዲሱም ከጄኔሬተሩ ጀርባ ነው። "የለመደች ጦጣ" የሚባል ተረት አለ፤ ለሽማግሌ መተረት ነውር ስለሆነ እተወዋለሁ።

ጋሽ ቶሎሳ ደነገጡ። እጃቸውን እያወዛወዙ፣ "የለም፣ የለም! ተሳስተሃል ወንድሜ። እኛ ማንም አልሞተብንም" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እድራችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ክርስትና ላልተነሳ ህፃን ድንኳን አይተክልም። ደንብ ነው። ያን ዕለት ደጃፌ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው አንቀጹን የነገሩኝ ራሳቸው ጋሽ ቶሎሳ ናቸው፤ በቃላቸው ነው የሚያውቁት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የእኛዋ ስልሳ ዘጠኝ ቀን ጎደላት። ድንኳን ከሌለ ደግሞ ለቅሶ የለም፤ ለቅሶ ከሌለ የመጣው ሰው የሚናገረው ይጠፋዋል። "ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ" አሉን። "እንኳን እናቷ ተረፈች" አሉን። አንዱማ፣ "ሳትለምዷት መሄዷ ይሻላል" አለኝ፤ በአስራ አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚለመድ የሚነግረው አጥቶ ነው። "ያጥናህ" ያለኝ አልነበረም። መጀመሪያ ያለኝ የማላውቀው ዘበኛ ነው፤ ያውም በስህተት። እሱንም ጋሽ ቶሎሳ አስመለሱት።

ሽማግሌ ሲናገር ጎረምሳ ዝም ይላል። ዘበኛው ግን ጋሽ ቶሎሳን ትቶ እኔን፣ ጺሜን አየ። "በፊት ለፊት ዙሩ" አለን። ዞር ብዬ ሳየው ኮፍያው ገና እጁ ላይ ነበር።

በፊት ለፊት በኩል ዓለም ሌላ ነው። ከራቫት ያሰረ ልጅ፣ የሰው ኃይል ክፍል ነኝ ብሎ ተቀበለን። ጋሽ ድንቁ እንደ ወጉ ጀመሩ፤ ባለቤቱ የማን ልጅ ነው፣ አገሩ የት ነው፣ ጠባዩስ? ልጁ፣ "አክሲዮን ማህበር ነው" አላቸው። ጋሽ ድንቁ ወደ ጋሽ ቶሎሳ ዘንበል ብለው፣ "አባቱ አይታወቅም ማለት ነው" አሉ። ሊፍቱን አሳየን። ካፌውን አሳየን፤ ማኪያቶው ላይ ቅጠል ይስላሉ። መጨረሻ ላይ በመስታወት በኩል የጨቅላዎቹን ክፍል አሳየን። ስድስት ማሽን ተደርድሯል፤ ፕላስቲኩ ገና አልተላጠም።

ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ለአንዲት ነርስ ስንት ህፃን?

"ማሽኖቹ የመጨረሻ ዘመናዊ ናቸው" አለኝ።

ሰዎቹስ፣ አልኩት።

"ማሽኑ እኮ ህፃኑን ራሱ ይከታተለዋል።"

ሲጮህስ ማን ይመጣል፣ አልኩት።

"ሲስተም አለው" አለኝ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

ያን ጊዜ ጋሽ ድንቁ ያልጠበቅሁትን ተናገሩ። ሰውዬው ጡረታ እስኪወጡ ክር ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ማሽን አጠገብ ቆመዋል። "ልጄ" አሉት፣ "ማሽን የሚጮኸው ሰው ለመጥራት ነው። የሚመጣ ሰው ከሌለ ዝም ቢል ይሻለዋል።" ኮራሁባቸው። ኩራቴ እስከ ታክሲው ድረስ ቆየ። ታክሲ ውስጥ ግን፣ "ቢሆንም መስታወቱ መስታወት ነው" አሉ። ጋሽ ቶሎሳም፣ "ማኪያቶውም" ብለው ደገፉ። ሽምግልናው በዚህ ተፈጸመ።

ቤት ስንደርስ ጉባኤው ተሟልቶ ጠበቀን፤ ሰናይትም መጥታ ነበር። ጋሽ ድንቁ ሪፖርታቸውን ቆመው አቀረቡ። ስለ ጓሮ በሩ ትንፍሽ አላሉም። "ሰኞ ሄደሽ ትፈርሚያለሽ" ብለው ጨረሱ።

"ፈርሜያለሁ" አለች እየሩስ።

"የት?"

"ያኛው። ሐሙስ ዕለት።"

እማማ ሙሉ አማተቡ። እትዬ ዘነቡ፣ "አረንጓዴውን?" ብለው ደረታቸውን ያዙ። ጋሽ ድንቁ፣ "ታዲያ እኛ ዛሬ የት ሄደን ነው የመጣነው?" ሲሉ፣ "እኔ እንጃ አባዬ፤ ጋቢህን ግን አናፍሰኸዋል" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እኔና ወደ እህቷ ዞረች።

"ያቺ ሲስተር አሁንም ብቻዋን ናት" አለች። "አሁንም ዘጠኝ ናቸው። እኔ ከገባሁ ለያንዳንዳችን አራት ተኩል ይደርሰናል።"

ጋሽ ቶሎሳ ትንሽ አሰቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነገር በትክክል ሲያካፍሉ የኖሩ ሰው ናቸው። "ግማሹን ማን ይይዘዋል?" ብለው ጠየቁ።

ሰናይት ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ቶሎሳ ምን እንዳጠፉ ስላልገባቸው ተነስተው ካፖርታቸውን ፈለጉ። በሩ ላይ ቆመው አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ደንቡ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ "ደህና ዋሉ" ብለው ሄዱ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እየሩስ ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። አዲስ ተቀጣሪ ዋስ ያስፈልገዋል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ መሆን አለበት። ከጉባኤው መሃል ደመወዝተኛ እኔ ብቻ ነኝ፤ ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ነኝ። ለሮዙ የተከራከሩት ሁሉ ለአረንጓዴው እስክሪብቶ እንኳ አልያዙም።

ወረቀቱን አነበብኩ። ሠራተኛዋ በተረከበችው ላይ ለሚደርስ መጥፋትም ሆነ መጉደል ሁሉ በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ መሆኔን አረጋግጣለሁ፣ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ሆስፒታሉ ግቢው ውስጥ ነገር ቢጠፋበት የሚጠየቅ ሰው ከውጭ ይፈልጋል፤ የተገኘሁትም እኔ ነኝ። እኔ ልጄን ሳስረክባቸው ዋስ አልጠየቅኋቸውም። ለነገሩ ቅጹም አልነበረኝም።

ስሜን ጻፍኩ። ከሠራተኛዋ ጋር ያለዎት ዝምድና፦ እህቷን አግብቻለሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ጋር ከዚህ በፊት ግንኙነት ነበረዎት? አዎ። ለምን ያህል ጊዜ? አስራ አንድ ቀን።

ፈረምኩ።