ሸንኮራው ለጉንዳን ፍርድ የቀረበ ዕለት

የዕለቱን ፀሐይ አጋንኜው ይሆናል፤ የሰውንም ብዛት እንዲሁ። በሌላው ግን ብዙ አልተሳሳትኩም ብዬ አምናለሁ። ተሳስቼም ከሆነ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የጉንዳኖቹ አይደለም።

በአገራችን «እርግጠኛ አይደለሁም» ያለን ሰው ማን አምኖት ያውቃል? ወይ ደብቆ ነው፣ ወይ ፈርቶ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ይህችን ቃል የማዘወትር የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ እንኳን «ቲቸር፣ እኛስ ፈተና ላይ እንዲህ ብለን ብንጽፍ ልክ ብለው ያርሙልናል?» ይሉኛል።

ቡታጅራ ገበያ ዳር ጋሽ ሸምሱ ሸንኮራ ይሸጣሉ። የዚያን ዕለት መስቃን ገጠር ካለችው ማሳቸው የደረሰውን ሁሉ ቆርጠው አምጥተው ነበር። የተቆረጠ ሸንኮራ እንደ አገር ሽማግሌ ታጋሽ አይደለም፤ ከሰነበተ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ገጀራቸውን እያወዛወዙ፣ «ትል ያልነካው! ቀዳዳ ያገኘበት በነፃ ይውሰድ!» እያሉ ይጣራሉ።

ምናለ ዝም ቢሉ? አጠገባቸው ባጃጁን ያቆመው ኸይሩ ከስልኩ ቀና አለና፣ ትል የማይነካው ሸንኮራማ ዘሩ በላቦራቶሪ የተለወጠው ነው፣ ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ ትል የተጠየፈውን ሰው እንዴት ይበላዋል አለ። ገዢው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ኸይሩ ወደ እኔ ዞሮ «ቲቸር፣ ዋሸሁ?» አለኝ።

ጤነኛ ሰው «አዎ፣ ዋሸህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ግን ማብራራት ጀመርኩ። ግንድ ሰርሳሪውን ትል እንዲቋቋም ዘረ መሉ የተለወጠ ሸንኮራ ብራዚል ውስጥ እንደሚመረት፣ ተለወጠ ማለት ብቻውን ተመረዘ ማለት እንዳልሆነ፣ በእኛ ገበሬዎች እጅ መግባቱን እንዳልሰማሁ፣ ሆኖም በዓይን አይቶ መለየት እንደማይቻል በዝርዝር ተናገርኩ። ከዚህ ሁሉ በሰው ጆሮ የገባው የመጨረሻው ብቻ ነው።

«አይደለም አላለም እኮ!» አለች አንዲት ሴትዮ፣ የመረጠችውን ሸንኮራ ወደ ክምሩ እየመለሰች።

ጋሽ ሸምሱ ገጀራቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «አንተ ልጅ፣ ወላሂ ትሉ ይሻለኝ ነበር» አሉኝ። «እሱ ቢበዛ አንድ አንጓ ነው የሚበላው።»

ጉንዳኑን ያመጣችው ያችው ሴትዮ ናት፤ ሐሳቡን ማለቴ ነው። ጉንዳን አይሳሳትም፣ እሱ የቀመሰውን እንበላለን፣ የሸሸውን እንሸሻለን አለች። ገበያው በአንድ ድምፅ አጸደቀ። እኔም ሙከራ ካልቀረ በሥርዓቱ ይሁን ብዬ ገባሁበት። አንድ ቁራጭ ከጋሽ ሸምሱ፣ ለማነጻጸሪያ አንድ ቁራጭ ከወልቂጤ ከመጣ የሌላ ሻጭ ሸንኮራ፣ ርዝመታቸውን ለክቼ እኩል አደረግሁ። ጋሽ ሸምሱ አጠገባቸው ካለች ተምር ሻጭ መደብ ሥር ጥላ ያለበትን ቦታ ጠቆሙንና እዚያ አኖርናቸው። ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተኝ፤ ከአላፊ አግዳሚው መኪና ነው ብዬ ተውኩት።

ጉንዳን ግን የለም። ከኋላ የቆመው «ምን እየተሸጠ ነው?» ይላል፤ ከፊት ያለው «ዝም በል፣ ፍርድ እየተጠበቀ ነው» ይለዋል። ሰው በሰው ላይ ተደረበ፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ሥራ ፈትቶ የቆመ አፍ ደግሞ ምን ያህል ይታገሣል? መጀመሪያ ኸይሩ፣ «እስኪፈረድ ድረስ» ብሎ አንድ ቁራጭ ገዛ። ሴትዮዋም «ለእኔ ከሥሩ በኩል ይቁረጡልኝ፣ እሱ ነው የሚጣፍጠው» አለች። ከዚያ በኋላ የጋሽ ሸምሱ ገጀራ አላረፈም። ገና ምንም እንዳልተረጋገጠ ለማስጠንቀቅ ብሞክር፣ «ቲቸር፣ ቀስ በል፣ ጉንዳኑን ታስደነግጠዋለህ!» አሉኝ፤ አፋቸው ሙሉ ነበር።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ክምሩ አልቆ መሬቱን የሸፈነው የታኘከ ሸንኮራ ብቻ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ገጀራቸውን በማዳበሪያ ጠቀለሉና፣ «ጉንዳኑ ከመጣ ሰላም በልልኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። የእሳቸውንስ ይሁን፣ ጉንዳኑ የወልቂጤውን ለምን ተወው? በሚቀጥለው ገበያ ተምር ሻጯን እትዬ ዘይነባን ጠየቅኋቸው። ጉንዳን ተምራቸውን እንዳይወርባቸው መደቡ ሥር ናፍጣ ሳይረጩ ሥራ እንደማይጀምሩ፣ እዚያ ቦታ ጉንዳን የሚባል ድርሽ ብሎ እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ጋሽ ሸምሱ ይህን ያውቁ ይሆን ብዬ በጥንቃቄ ጠየቅሁ።

እትዬ ዘይነባ ሳቃቸው መጣ። «ናፍጣውን የሚያመጣልኝ ማን ሆነና?»