የኦመር ማሳ ጠፍ ሆኖ ስለ መገኘቱ

አሶሳ ውስጥ ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ረጅም ጥናትና ከጥናቱም የረዘመ ስብሰባ ካካሄደ በኋላ፣ የአቶ ኦመር ማሳ ጠፍ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ኦመር ይህን አያውቅም ነበር። አባቱም ሳያውቁ ነው ያለፉት። ዕድሜ ልኩን ከዚያ ማሳ ማሽላና ባምያ እየበላ ሲኖር፣ ምንም የማይበቅልበት መሬት ላይ መቀመጡን የነገረው ሰው አልነበረም። ቢሮው ባይደርስለት ኖሮ እንደተታለለ ይሞት ነበር።

ጉዳዩ የሳር ነው። ምግብ በማይበቅልበት መሬት ላይ ከባሕር ማዶ የመጣ ሳር ተክሎ፣ ሳሩን አጭዶ፣ ከሳሩ መብራት ማውጣት። የፕሮጀክቱ ሕግ ለእህል የሚሆን መሬት እንዳይነካ አጥብቆ ይከለክላል፤ ስለዚህ ጠፍ መሬት ያስፈልጋል። በክልሉ ድንጋያማ ገላጣ ሞልቷል፤ ነገር ግን ሁሉም ከአስፋልቱ ሩቅ ስለሆነ የእንግዳ መኪና አይደርስበትም። አስፋልቱ ዳር ያለው የእርሻ መሬት የኦመር ብቻ በመሆኑ፣ ጠፍ የመሆን ኃላፊነት እሱ ላይ ወደቀ።

ይህን ሊያበስር የመጣው አስተባባሪው ማስረሻ ነው፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቆፍጣና፣ ከመኪና ሳይወርድ አፈር የሚለይ ባለሙያ።

«እንኳን ደስ አለዎ አቶ ኦመር» አለ በመስኮቱ። «ማሳዎ ተመርጧል። ኅዳር ላይ ፕሮጀክቱን የሚያጸድቁት እንግዶች ሲመጡ በይፋ ያስረክቡናል።»

«ያ ኡስታዝ» አለ ኦመር እንደ አገሩ ወግ አክብሮ ሲጠራው፤ «አምና ከዚህ ጎተራ ሙሉ ማሽላ አስገብቻለሁ። መሬቱ ጠፍ ከሆነች ማሽላው ከየት መጣች?»

«እሱ በጥናቱ አልተካተተም።»

«መብራትስ? ጉባ ላይ ያ ሁሉ ውኃ ተገድቦ የለም እንዴ?»

«ያ የውኃ ነው፤ ይሄ የሳር ነው» አለ ማስረሻ በትዕግሥት። ኦመር ቤት ሁለቱም ስላልደረሱ ልዩነቱን ለማወቅ አልቻለም።

ሚስቱ ኢቲዳል ከኋላው ብቅ አለች። «እኛስ ምን እንበላለን?»

«ካሳ ይታሰባል። ጠፍ መሬት ስለሆነ ግን የሚካስ ሰብል የለበትም።»

ኦመር እንቅልፍ አጣ። ማሳው ከሄደ ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ ነገር የለውም። ይህን ሊናገር ቢሮ ሲሄድ ሁሉም ሥልጠና ላይ ናቸው። ዝናቡ ግን ሥልጠና አልነበረበትምና ሰኔ ላይ ጣለ፤ ኦመርም አትዝራ ያለው ስላልነበረ ዘራ።

የሳሩ ችግኝ በበኩሉ በክብር ደርሶ፣ ለጊዜው ቢሮው ግቢ ውስጥ ተተከለ። የሚያጠጣው ኮሚቴ ተዋቀረ። ኮሚቴው የውኃ አጠጣጥ ልምድ ለመቅሰም ሐዋሳ ሄደ። ሲመለስ ችግኙ ደርቆ ጠበቀው።

ኅዳር ገባ፤ እንግዶቹም ነገ ሊመጡ ሆነ። ማስረሻ እየከነፈ መጣ፤ በዚህ ጊዜ እንኳ ከመኪናው ወረደ። የኦመር ማሽላ ከሰው ቁመት አልፎ፣ ዛላው ከብዶት ጎንበስ ብሏል።

«አቶ ኦመር፣ ማሽላም እኮ በሳይንስ የሳር ወገን ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። «የሚያሳጣን ዛላው ብቻ ነው። ዛሬውኑ ይቆረጥ።»

«ብቻዬን ነኝ። ሳምንት ይፈጃል።»

ኢቲዳል ግን ነገሩ ቶሎ ገባት። «እናንተ ብዙ ናችሁ። ቁረጡ፣ ተሸከሙ፣ አውድማ አድርሱ። እኔ ውኃ አቀርባለሁ።»

በታሪኩ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር አንሥቶ የማያውቀው መሥሪያ ቤት «ሁለንተናዊ የንቅናቄ ዘመቻ» አውጆ፣ ከሒሳብ ክፍል እስከ ሕዝብ ግንኙነት ማጭድ ተበድሮ ወጣ። ማስረሻ ከረቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲሸከም ዋለ። ሳይመሽ የዓመቱ ቀለብ አውድማው ላይ ተከመረ። ኦመር እንዲህ ያለ ደቦ አይቶ አያውቅም፤ ድግስ እንኳ አልጠየቁም።

በማግሥቱ እንግዶቹ ዛላ በሌለው ማሽላ መካከል ቆመው ተደመሙ። «ይህ የምታዩት ሳር ምንም በማይበቅልበት መሬት ላይ የበቀለ ነው!» ሲል ማስረሻ ተናገረ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ኦመር አላጨበጨበም። የርክክቡን ሰዓት እየጠበቀ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ነው ብሎ አፈሩን በእጁ ዘግኖ ቆሞ ነበር።

የእንግዶቹ መሪ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ወይዘሮ ዘመናይ፣ አንዱን አገዳ ቀና ብለው አዩና ፊታቸው ተቀየረ።

«ይህን ያህል የሚያበቅል መሬት ጠፍ አይባልም። ሕጋችን ለም መሬት አይነካም። ይህ ማሳ ከፕሮጀክቱ ወጥቷል።»

«ጠፍ ነው እኮ!» አለ ማስረሻ።

«ታዲያ ሳሩን ምን አበቀለው?»

ማስረሻ መልሱን ያውቀዋል። መናገር የማይችለውም እሱኑ ነበር።

ሻይ ሊጠጡ ወደ ቢሮው ተመለሱ። ወይዘሮ ዘመናይ ግቢው ውስጥ የደረቁትን ረድፎች አይተው፣ እዚህ ምን ይበቅላል ሲሉ ዘበኛውን ጠየቁ።

«ኧረ ምንም! ኮሚቴ ተቋቁሞለት እንኳ አልበቀለም።»

ግቢው አስፋልት ዳር ነው፤ ጠፍነቱም በተግባር ተረጋግጧል። ቦታው እዚያው ጸደቀና መሥሪያ ቤቱ በአስቸኳይ ለቅቆ እንዲያስረክብ ተነገረው። ካሳም ታስቦለት ነበር፤ የሚካስ ሰብል አልተገኘበትም።

ብዙም ሳይቆይ ማስረሻ ወንበርና ጠረጴዛ በመኪና አስጭኖ ማሽላ እየወቃ ያለው ኦመር ዘንድ መጣ።

«አቶ ኦመር፣ እንግዲህ ቤተሰብ ነን። ከማሳዎ ጥግ ለቢሮ የምትሆን ትንሽ ቦታ ቢሰጡን...»

ኦመር ዱላውን አስቀመጠ። ወደ ማሳው ሄዶ አፈር ዘገነና፣ በጣቶቹ መሃል እያፈሰሰ ለረጅም ጊዜ አጠናው።

«ወላሂ አዝናለሁ ያ ኡስታዝ» አለ። «መሬቷ ጠፍ ነው። ቢሮ አያበቅልም።»