ሊቀ ማዕዘን አጎቴ

በየቤተሰቡ፣ ሰው ቤት ሲገባ ሰዉን ትቶ ግድግዳውን ሰላም የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤተሰብ ይህ ዕጣ የወጣላቸው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው ሶፋ መሥራት ነው። እኛ ግን ከጀርባቸው «ሊቀ ማዕዘን» እንላቸዋለን፤ ሹመቱን ያገኙት በልፋታቸው ነው።

ክቡርነታቸው በር ላይ ቆም ብለው ሁለት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ጥግ ገብተው በወፍራም ድምፅ «እምምም» ይላሉ። ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ እንዲህ ሲያደርጉ፣ ነርሷ ሕመም የጠናባቸው መስሏት ከሁሉም አስቀድማ አስገባቻቸው። አዲስ ቤት የተከራየሁ ጊዜ ዘመድ ሁሉ መስኮቱን ሲያደንቅ፣ እሳቸው «ጥጎችህ ይጮኻሉ» ብለውኝ ወጡ። ባለቤቴ ጩኸቱን ስታዳምጥ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣች። ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ለጠየቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ጥጉ ያልተያዘ ቤት ውስጥ ሰው አይሰማማም።»

እኔና እህቴ ከአንድ ድምፃዊና ከአንድ ድራመር ጋር ባንድ አለን። እሷ ቤዝ ጊታር፣ እኔ ኪቦርድ እንጫወታለን። የምንለማመደው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ ክፍሉ ወርዱም ቁመቱም እኩል የሆነ የሲሚንቶ ሳጥን ነው። እህቴ ወፍራሙን ክር አንድ ቦታ ላይ ይዛ ስትመታ፣ የጭነት መኪና በላያችን ያለፈ ይመስል ክፍሉ በሙሉ ያጓራል። ቀጥሎ ያለውን ስትመታ ደግሞ ድምፁ የገባበት አይታወቅም።

ድምፃዊው እጇ ከባድ ነው አለ። እሷም ክሩን እየፈራች፣ ትኩስ ድስት እንደሚነካ ሰው መንካት ጀመረች፤ ባሰበት። አንድ ቅዳሜ ድምፃዊው ሁላችን ባለንበት ሌላ ቤዝ ተጫዋች ማግኘቱን ተናገረ። መድረክ የምንወጣው ከወር በኋላ ነበር። እህቴ ጊታሯን ቦርሳው ውስጥ ከተተች። እኔ፣ ወንድሟ፣ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእጇ መስሎኝ ነበር።

ወሬውን ከእናቴ የሰሙት አጎቴ በሳምንቱ ማንም ሳይጠራቸው ሜትራቸውን ይዘው፣ እህቴንም ከነጊታሯ አስከትለው ወደ ልምምድ ክፍላችን መጡ። አጨበጨቡ። ድምፃዊው ሁለት ሳምንት ለፍቶ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የእንቁላል ካርቶን አዩና፣ ለእንቁላል ጥሩ መሆኑን፣ ወፍራም ድምፅ ግን ሰላም ሳይለው እንደሚያልፍ በትሕትና አስረዱት። ከዚያ እህቴ ያቺኑ የምታጓራዋን ድምፅ ሳታቋርጥ እንድትመታ፣ ድምፃዊው ደግሞ ከጥግ ተነስቶ ወደ መሃል እንዲራመድ አዘዙ።

ጥግ ላይ ደረቱ እስኪርገበገብ ተሰማው። መሃል ሲደርስ ድምፁ ጠፋበት። ያቆመች መስሎት ዞር ብሎ እጇን አየ፤ አላቆመችም።

«ልጅቷ እኩል ነው የምትመታው» አሉ አጎቴ። «የሚያበላሸው ክፍሉ ነው። ሁለት ሳምንት ስጡኝ።»

ሁለቱን ሳምንት እሳቸው ሱቅ አብሬያቸው ሠራሁ። ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ፣ ጥግ ውስጥ ልክክ የሚሉ አራት ባለ ሦስት ማዕዘን የእንጨት ማቀፊያዎች ሠሩ፤ ውስጣቸውን ከቀለጠ ድንጋይ በሚሠራ፣ ድምፅ በሚያፍን የድንጋይ ሱፍ ሞሏቸው። እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ወፍራም ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ሲመላለስ ጉልበቱ ጥግ ላይ ይከማቻል። እዚያ ጥልቅ ሱፍ ውስጥ ከገባ ደክሞ ይቀራል፤ ስስ ስፖንጅ ግን እንደ መጋረጃ ገልጦት ያልፋል። ማልበሻውን ጨርቅ ሲመርጡ እያንዳንዱን አፋቸው ላይ አድርገው እፍ ይሉ ነበር፤ ትንፋሽ የማያሳልፍ ጨርቅ ይጣላል። ፈተናውን ያለፈው ባለ ትልልቅ ቡናማ አበባ የሶፋ ጨርቅ ብቻ ሆነ። ድምፃዊው ክፍላችን የአክስቱን ሳሎን መሰለ ብሎ አጉረመረመ፤ የሰማው አልነበረም።

አራቱም ማቀፊያዎች በየጥጉ ከቆሙ በኋላ እህቴ ጊታሯን አነሳች። ልማድ ሆኖባት አሁንም እየፈራች ነካችው።

«ምቺው እንጂ ልጄ» አሏት አጎቴ። «አሁን አይጮኽብሽም።»

መታችው። ድምፁ ሙሉ ሆኖ ወጣ፤ ጣቷን ስታነሳም አብሮ ቆመ። ደግማ መታችው። ከዚያ ወደታችም ወደላይም ሄደች፤ ሁሉም እኩል ይሰማል። ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ከስንት ወር በኋላ ነው። ድምፃዊው እዚያው ቆሞ ለሌላው ቤዝ ተጫዋች ደወለና እንዳይመጣ ነገረው፤ ስልኩን ዘግቶም ይቅርታ ጠየቃት።

የክፍሉ ድምፅ ሲጠራ ግን አንድ ሰው ተጋለጠ። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ጩኸት ሥር ተደብቆ የኖረው፣ ኪቦርዱ ላይ ወፍራሞቹን ድምፆች የሚስተው የእኔ ግራ እጅ ነው። ድራመሩ ዞሮ አየኝ። አጎቴ ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ «ለአንተ የሚሆን ሱፍ የለኝም፤ ተለማመድ» አሉኝ።

ስንወጣ የመሣሪያ ሳጥናቸውን ተሸከምኩላቸው። መንገድ ላይ ጥፋቱ የእህቴ መስሎኝ ዝም እንዳልኩ ነገርኳቸው።

«እኔም እጇን ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ግን ሰው ከመባረሩ በፊት ክፍሉም ይጠየቅ።»

ከዚያ ስለ ሱፍ ውፍረት ማስረዳት ቀጠሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰበብ ፈልጌ እገነጠል ነበር። የዚያን ቀን ግን ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው፤ መንገዱም አጠረብኝ።