ለከሳች ሴት የሚመጣ ገንፎ

በእኛ አገር ሰው ሰላም ከመባሉ በፊት ይመዘናል። ከወልቂጤ ተነሥታችሁ ቡታጅራ ስትደርሱ፣ ገና ቦርሳችሁን ከትከሻችሁ ሳታወርዱ፣ የሚያውቃችሁ ሰው ከእግር እስከ ራስ ያያችሁና ውሳኔውን ያሰማል፤ ወይ «ከሳሽ»፣ ወይ «አማረብሽ»። ይግባኝ የለውም። «አማረብሽ» ማለት ወፍረሻል ማለት ነው። «ከሳሽ» ደግሞ እንደ ተናጋሪው ስሜት ይተረጎማል፦ ታመሻል፣ ከስረሻል፣ ወይም ባልሽ እያንገበገበሽ ነው። አስባበት፣ ምግቧን መጥና የከሳች ሴት ገና ወደዚህ መዝገበ ቃላት አልገባችም።

ይህን የምለው በወገኖቼ ለመሳለቅ አይደለም። ጥቂት መሳለቅ ግን አይጠፋውም። ወልቂጤ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ ቅመሞቼን በፊደል ተራ የማስቀምጥ ሰው ነኝና ያለ መሣሪያ የሚደረግ ልኬት ያስቆጣኛል።

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ቡታጅራ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች። በባልዲና በሳፋ ተከባ ከጠዋት እስከ ማታ ትቀመጣለች፤ የከተማው ሰው ሁሉ «አማረብሽ» ይላታል። አምሮባት አምሮባት፣ በመጨረሻ ጉልበቷ አልሸከምም አለና ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ መዘነቻት፣ ለካቻት፣ ደሟን መረመረችና እቅጩን ነገረቻት፦ ክብደቷ ለቁመቷ ከሚገባው አልፏል፤ ስኳሯም ድንበሩ ላይ ደርሷል። አመጋገቧን ካስተካከለችና ከተንቀሳቀሰች ያለ መድኃኒት ሊመለስ ይችላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይታያል።

እናታችን የዓይኗን ብርሃን ያጣችው በስኳር ነው። እስክታርፍ ድረስ እጇን ይዛ ወደ ጸሎት ቤት ስትመራት የኖረችው እትዬ አስካለ ነበረች። ስለዚህ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ደወለችልኝ።

«ቀመሩ ቀላል ነው» አልኳት። «ኪሎሽን በሜትር በተለካ ቁመትሽ ታካፍያለሽ፤ የወጣውን እንደገና በቁመትሽ ታካፍያለሽ፤ ረጅም ሰው ቁጥሩ ያንስለታል። ከአሥራ ስምንት ተኩል በታች ክሳት ነው፤ ከዚያ እስከ ሃያ አምስት ጤናማ፤ ሠላሳን ካለፈ ከልክ ያለፈ ውፍረት።»

«እኔስ?»

«ሠላሳ አራት።»

«ነጋዴ እኮ ነኝ» አለች፤ «የመጨረሻውን ዋጋ ንገሪኝ።»

የቀመሩ ጠበቃ አይደለሁም። መናኸሪያው አጠገብ ኩንታል በጀርባው የሚያመላልሰውን ጡንቻማ ወዛደር ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠ ባለሱቅ አይለየውም። ስቡ ሆድ ላይ ይከማች ዳሌ ላይ፣ አይጠይቅም፤ የወገብ መለኪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥርጣሬውን ይነግራችኋል እንጂ ፍርዱ የሐኪም ነው። የእህቴን ነገር ግን በትክክል ጠርጥሯል።

እትዬ አስካለ ቆርጣ ተነሣች። ቅቤውን ቀነሰች፤ ቆጮውን አሳነሰች፤ ጎመኑን አበዛች፤ ከቤቷ እስከ ሱቋ በእግሯ ትሄድ ጀመር። የባጃጅ ደንበኛዋ አንድ ጠዋት ከኋላዋ ቀስ እያለ ተከተላትና «እትዬ፣ ምን አስቀየምኩሽ?» አላት። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ የጉንጯ አጥንት ብቅ አለ። ከተማው ደነገጠ።

የጸሎት ቡድኗ እህቶች መሪያቸውን እማማ ወርቅነሽን አስቀድመው፣ የቡላ ገንፎ በድስት ይዘው መጡ። ቅቤው መሐል ላይ ሐይቅ ሠርቷል። መጀመሪያ የሚያመነምነውን መንፈስ ገሠጹ፤ ቀጥለው ማንኪያ አቀረቡ። የተጸለየበት ገንፎ ደግሞ እንቢ አይባልም።

«ሐኪም አዞኝ ነው የከሳሁት» አለች እህቴ።

እማማ ወርቅነሽ በሐዘኔታ አዩዋት። «ሐኪም ክሳት አያዝም፣ አስኩዬ። ከእኛ አትደብቂ።»

ማስተባበሏ በሽታውን አረጋገጠላቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ገንፎውን በተራ ያመጡላት ጀመር። በፍቅር ነው የሚያመጡት፤ ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጥላቻ ቢሆን በር ይዘጋበት ነበር። የእህቴ ልብስ እንደገና ጠበበ፤ የነርሷ ቀጠሮም እየቀረበ መጣ።

ቅዳሜ በሦስት ቀለም ያሰናዳሁትን ሠንጠረዥ ጠቅልዬ ከወልቂጤ መጣሁ። እህቶቹን በረድፍ አስቀምጬ ከማካፈል እስከ ኩላሊት አንድም ነገር ሳላስቀር አስረዳሁ። እማማ ወርቅነሽ በትዕግሥት አዳመጡኝና «አንቺስ ስንት ነሽ?» አሉ።

«ሃያ አንድ» አልኩ፣ ኩራቴን ሳልደብቅ።

«ለዚህ ነዋ ሳታገቢ የቀረሽው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ሠንጠረዤን መልሼ ጠቀለልኩ።

እትዬ አስካለ ግን አልሳቀችም። የዕለቱን ገንፎ የምትበላበትን ማንኪያ አስቀመጠች። «እማማ፣ ከልባችሁ ካሰባችሁልኝ ገንፎ አይበቃኝም» አለች። «ጹሙልኝ።»

ሳቁ ቆመ። የእኛን ደንብ ለማታውቁ ላስረዳ፦ ለታመመ ሰው ገንፎ መውሰድ ደግነት ነው፤ ጹሙልኝ ሲባል መጾም ግን ግዴታ ነው። ማፈግፈግ የለም።

«ደግሞ ማለዳ ማለዳ ኮረብታው ላይ እየወጣን ብንጸልይ» ብላ ቀጠለች። «ስኳር እናቴን ምን እንዳደረጋት አይታችኋል። ብቻዬን አልችለውም።» እዚህ ላይ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቅድም የነበረው የነጋዴ ብልጠት አሁን አልነበረም።

ከሰኞ ጀምሮ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ጎሕ ሲቀድ እየተነፈሱና እየዘመሩ ኮረብታውን ይወጡ ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ፣ እህቴ ነርሷን አስፈቅዳ፣ ሁሉም እስከ ቀትር ይጾማሉ። የሚጾምላት እያለ ለእሷ ገንፎ የሚያመጣ አልተገኘም። እንዲያውም የአንዷ ባል ሱቅ ድረስ መጥቶ «ሚስቴን ምን አደረግሻት? ቀሚሷ እየወለቀ ነው» ብሎ አማረረ።

በቀጠሮው ቀን ቀመሩ ሠላሳ ሁለት አለ። አሁንም «ጤናማ» አይላትም። ስኳሯ ግን ያን ያህል እስክትከሳ አልጠበቀም፤ በጥቂት ኪሎ ተመልሶ ከድንበሩ ወርዷል። መድኃኒት አላስፈለጋትም፤ «በዚሁ ቀጥይ» ተባለች።

እሑድ እማማ ወርቅነሽ ጉባኤው ፊት ቆመው መሰከሩ። እህታችን ከሚያመነምን ደዌ ተፈወሰች አሉ፣ እህታችን ከምንጊዜውም በላይ ከስታ አጠገባቸው ቆማ። እልልታው ጣሪያውን አናወጠው። የእኔን ሠንጠረዥ ያነሣ የለም። መልሱ ትክክል ከሆነ ማን አሰላው ብሎ መጨቃጨቅ ለአስተማሪ አይመጥንም ብዬ እኔም አሜን አልኩ።

ስንወጣ እማማ ወርቅነሽ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ አገለሉኝ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የእኔን ቁመት ስንት ትገምቺዋለሽ?»

በዓይን መለካት ሙያዬ አይደለም። አየኋቸው፣ ገመትኩ፣ አምስት ሴንቲ ሜትርም ጨመርኩላቸው።